ካህኑና ጠመንጃው፤ ኪነ ጥበብ ከካሚሎ ቶሬስ ሕይወት የመረጠውና የተወው

የአንድን ሰው ሕይወት ለሥራው መነሻ ያደረገ ከያኒ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የምርጫ ጥያቄ ነው። ከብዙ ዓመታት ዕድሜ ውስጥ የትኛው ቀን ይነሣል? የትኛውስ ይታለፋል? ይህን ጥያቄ የቅርፅ ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚመለከቱት አሉ። ይሁን እንጂ የተመረጠው ቀን የይዘቱን ፍርድ አስቀድሞ ይሰጣል። የሞቱን ቀን የመረጠ ሥራ ሰማዕት ያቆማል፤ የሥራውን ዘመን የመረጠ ሥራ ግን የሚያስብ፣ የሚያመነታ፣ የሚወስን ሰው ያሳያል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን አንባቢውና ተመልካቹ ከሁለቱ የሚያገኘው ትምህርት አንድ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን የምንመረምረው የካቶሊክ ካህን በነበረውና በሽምቅ ተዋጊነት በሞተው በኮሎምቢያዊው በካሚሎ ቶሬስ ሬስትሬፖ ሕይወት አማካይነት ነው። ይህ ሕይወት በዘፈን ተዘፍኗል፤ በፎቶግራፍና በፖስተር ተባዝቷል፤ በፊልም ተቀርጿል፤ በመጽሐፍ ተጽፏል። እነዚህ ሥራዎች ከሰውዬው ምን ያህሉን ይዘው ምን ያህሉን ጣሉ? የጣሉትስ ነገር ለእውነቱ አስፈላጊ ነበርን? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ ባጭሩ

ካሚሎ ቶሬስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1929 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው። አባቱ ዶክተር ካሊክስቶ ቶሬስ ኡማኛ በሕፃናት ሕክምና ስም ያተረፉ ሐኪም ነበሩ። እናቱ ኢሳቤል ሬስትሬፖ ጋቪሪያም ከታወቀ ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። ስለዚህ ካሚሎ ድህነትን በዓይኑ እንጂ በሆዱ ያወቀ ሰው አልነበረም። በ1947 በብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ጀመረ፤ በዚያ ጊዜ አብረውት ከተማሩት አንዱ በኋላ በልቦለድ ድርሰቱ ዓለም ያወቀው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉን ብዙም ሳይገፋበት ትቶ ወደ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ። በ1954 ክህነት ከተቀበለ በኋላ ወደ ቤልጂግ ሄዶ በሉቫን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ አጠና። በ1958 ያቀረበው የመመረቂያ ጥናት የቦጎታን ሕዝብ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታ በቁጥር የመረመረ ነበር።

በ1959 ወደ አገሩ ሲመለስ በብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ካህን ሆነ። ከኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳ ጋር በመሆንም በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂን ትምህርት ከመሠረቱት ምሁራን አንዱ ነበር። ተማሪዎቹን ከመማሪያ ክፍል እያወጣ ቱንሁዌሊቶ ወደሚባለው የድሆች ሰፈር ይወስዳቸው ነበር፤ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎጆው በር እንዲያነቡት። የጋርሲያ ማርኬዝን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው ካህንም እሱ ነው። በ1962 በተማሪዎች ጉዳይ ከቤተ ክህነቱ ጋር ስለ ተጋጨ ካርዲናል ሉዊስ ኮንቻ ኮርዶባ ዩኒቨርሲቲውን እንዲለቅ አደረጉት። ከዚያ በኋላ በመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1961 በተቋቋመው የመሬት ማሻሻያ መሥሪያ ቤት የቦርድ አባልም ሆኖ ሠራ።

በዚያ ዘመን ኮሎምቢያን የሚያስተዳድረው ሊበራልና ኮንሰርቫቲቭ የተባሉት ሁለት ፓርቲዎች ሥልጣኑን እየተፈራረቁ ለመያዝ የተዋዋሉበት፣ ከ1958 እስከ 1974 የቆየው ብሔራዊ ግንባር ነበር። ውሉ የሁለቱን ፓርቲዎች ደም መፋሰስ ለማስቆም ታስቦ የተደረገ ሲሆን፣ ከሁለቱ ውጭ ላለው ሰው ግን በሩን ዘጋ። ካሚሎ በ1965 ይህን በር ለማስከፈት የተነሣ የተባበረ ግንባር የሚባል እንቅስቃሴ መሠረተ፤ በዚያው ስም የሚጠራ ጋዜጣም ከነሐሴ ወር ጀምሮ አሳተመ። በጋዜጣው ለክርስቲያኖች፣ ለኮሚኒስቶች፣ ለወታደሮች፣ ለገበሬዎች፣ ለሠራተኞች፣ ለሴቶች፣ ለተማሪዎች ለየብቻቸው መልእክት ጻፈ። በዚያው ዓመት በሰኔ ከክህነት ግዴታው በራሱ ጥያቄ ተፈታ፤ በጥቅምት ከቦጎታ ተሠውሮ በ1964 ወደ ተመሠረተው የብሔራዊ ነፃነት ሠራዊት ገባ። ከአራት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1966፣ በሳንታንዴር ክፍለ ሀገር ፓቲዮ ሴሜንቶ በተባለ ቦታ ከመንግሥት ጦር ጋር በተደረገ ውጊያ ተገደለ። ዕድሜው 37 ዓመት ነበር። የተሰለፈበት የመጀመሪያ ውጊያው ነው።

እንግዲህ በሕይወቱ ሚዛን ላይ በአንድ ወገን የሠላሳ ሰባት ዓመት ትምህርት፣ ክህነት፣ ምርምርና ቅስቀሳ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የአራት ወር የጫካ ኑሮ አለ። ኪነ ጥበቡ የትኛውን መረጠ?

ዘፈኑ እንደ መቃብር ሐውልት

ከሞቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኡሩጓያዊው ዘፋኝ ዳንኤል ቪግሊዬቲ በስሙ ዘፈን ደረሰ። የዘፈኑ ርዕስ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ የብርሃን መስቀል ማለት ነው። ቺሊያዊው ቪክቶር ሃራም ካሚሎ ቶሬስ በሚል ርዕስ በ1969 ባወጣው አልበሙ ውስጥ አካተተው፤ ሃራ ራሱ በወጣትነቱ የዘርዐ ክህነት ተማሪ እንደነበረ ልብ ይሏል። አንዱ ከሞንቴቪዲዮ፣ ሌላው ከሳንቲያጎ ሆነው፣ ካሚሎ ከወደቀበት ተራራ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የዘፈኑት ይህ ዘፈን ስሙን ከየትኛውም ጽሑፉ ይበልጥ አስፋፋው።

ዘፈኑ የመረጠው ቀን የሞቱን ቀን ነው። ርዕሱ እንደሚያስረዳው የወደቀው ሰው በመስቀል ምልክት ከክርስቶስ ሞት ጋር ይያያዛል። ካህን የነበረ ሰው በጠመንጃ ሲሞት መስቀሉን አልከዳም የሚል ክርክር በውስጡ አለ። ይህ ክርክር በ1960ዎቹ መጨረሻ በላቲን አሜሪካ ከባድ ነገር ነበር። በ1968 የላቲን አሜሪካ ጳጳሳት በሜደዪን ከተማ ተሰብስበው የድሆችን ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አድርገው ሲነጋገሩ፣ የካሚሎ ስም በየሰው አእምሮ ውስጥ ነበር። የነፃነት ሥነ መለኮት መሥራች የሚባሉት ፔሩዊው ካህን ጉስታቮ ጉቲዬሬዝም የሉቫን ትምህርት ቤት ጓደኛው ነበሩ።

ለዘፈኑ ሊባል የሚገባውን ሁሉ አስቀድመን እንበል። ጦሩ የካሚሎን አስከሬን በምሥጢር ቀበረው። የመቃብሩ ቦታ መሳለሚያ እንዳይሆን በመፍራት ለቤተሰቡ እንኳ አልተሰጠም፤ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታትም የት እንዳለ ሕዝብ አላወቀም። በአገራችን ልማድ አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ልብሱና መሣሪያው ተዘርግቶ እንደሚለቀስለት ሁሉ፣ ለካሚሎም ዘፈኑ የልቅሶ ቦታ ሆነ። እናት የምታለቅስበት መቃብር ሲነፈግ፣ የማያውቁት ሰዎች በዜማ መቃብር ሠሩለት። በዚህ ረገድ ዘፈኑ ተግባሩን አሟልቷል፤ ከሙሾም ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው። ሙሾ አውራጅ የሟቹን የሒሳብ መዝገብ እንድትመረምር ማንም አይጠብቅባትም።

ችግሩ የሚመጣው ሙሾው የሕይወት ታሪክ ሆኖ ሲቆጠር ነው። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላል ያገራችን ሰው። አንገቱ የረዘመው ካሚሎ ከዘፈኑ ሲወጣ ሶሲዮሎጂስት አይደለም፤ ጋዜጣ አዘጋጅ አይደለም፤ በመሬት ማሻሻያ ቦርድ ተቀምጦ ከባለርስት ተወካዮች ጋር የተከራከረ ሰው አይደለም። መስቀሉና ጠመንጃው ብቻ ቀርተዋል። ይህም ዘፈኑን ለሰሙ ወጣቶች አንድ ቀጥተኛ መልእክት አስተላለፈ፤ ለድሃ ማሰብ ማለት ተራራ መውጣት፣ ተራራ መውጣት ማለትም መሞት ነው የሚል። መልእክቱ በወረቀት ላይ አልቀረም። የካሚሎን አርአያ ተከትለው ዶሚንጎ ላይን፣ ሆሴ አንቶኒዮ ሂሜኔዝና ማኑኤል ፔሬዝ የተባሉ ሦስት ስፔናውያን ካህናት ወደዚያው ሠራዊት ገቡ። ወደ ሦስተኛው ሰው በኋላ እንመለሳለን።

ፎቶግራፉና መቀሱ

ከካሚሎ ምስሎች መካከል እጅግ የታወቀው በተራራው በቆየባቸው አራት ወራት ውስጥ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። በየፖስተሩ፣ በየመጽሐፉ ሽፋን፣ በየዩኒቨርሲቲው ግድግዳ የምናየው ካሚሎ የተዋጊ ልብስ ለብሶ ጠመንጃ የያዘው ካሚሎ ነው። በአብዛኛው ብቻውን ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ከተነሡት ፎቶግራፎች በአንዱ ብቻውን አይደለም፤ ከእሱ ጋር የሠራዊቱ አዛዥ ፋቢዮ ቫስኬዝ ካስታኞና ሌላው መሪ ቪክቶር ሜዲና ሞሮን አሉ።

ሦስቱ ሰዎች ምን ሆኑ? ካሚሎ ብዙም ሳይቆይ በውጊያ ሞተ። ሜዲና ሞሮን በ1968 በገዛ ጓዶቹ ተፈርዶበት፣ ከሌሎች የተማሪ መሪዎች ከነበሩ ታጋዮች ጋር ተረሸነ። ፍርዱ የተፈጸመው ቫስኬዝ ካስታኞ በሚያዝዘው ሠራዊት ነው። ቫስኬዝ ካስታኞ ራሱ፣ ሠራዊቱ በ1973 በአኖሪ ዘመቻ ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከተመታ በኋላ፣ በ1974 ወደ ኩባ ሄዶ ወደ ትግሉ አልተመለሰም። ከካሚሎ ጋር በተባበረ ግንባር የሠራው ሃይሜ አሬናስም ሠራዊቱን ከድቶ ከወጣ በኋላ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ በ1971 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በቦጎታ ከተማ ተገደለ።

እንግዲህ የፖስተሩ መቀስ የቆረጠው ሁለት ሰዎችን ብቻ አልነበረም። ካሚሎ የገባበትን ድርጅት ውስጣዊ ጠባይም አብሮ ቆረጠ። አንድ ሠዓሊ ብዙ ሰው ካለበት ምስል አንዱን ለይቶ ማውጣቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የጥበቡ አንድ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሐያሲው ተለይቶ የወጣው ሰው ከማን አጠገብ ቆሞ እንደነበር የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ተመልካች፣ ካሚሎ ያን ቀን ባይሞት ኖሮ በ1968 ከየትኛው ወገን ይቆም ነበር? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከፈራጆቹ ወይስ ከተፈረደባቸው? አንዱን ብቻ የሚያሳየው ፖስተር ይህን ጥያቄ ያፍነዋል። ለጥሩ ድራማ መነሻ የሚሆነው ግን ይኸው የታፈነው ጥያቄ ነው።

ፊልሙና መጽሐፉ

ፍራንሲስኮ ኖርደን የተባለው ኮሎምቢያዊ የፊልም ባለሙያ በ1974 ስለ ካሚሎ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ይህ ሥራ ከዘፈኑ የሚለየው በሚያውቁት ሰዎች ቃል ላይ የተገነባ በመሆኑ ነው። አንድ ምስክር ሲናገር ሌላው ይከተለዋል፤ ተመልካቹም ቃላቸውን እያነጻጸረ ራሱ ዳኛ ይሆናል። እዚህ ላይ ካሚሎ ከሐውልትነት ወርዶ ሰዎች የሚከራከሩበት ሰው ሆነ። ምስክር የሚጠራ ሥራ ክርክርን ይቀበላል፤ ክርክርን የተቀበለ ሥራ ደግሞ ለእውነት በር ይከፍታል።

ከመጻሕፍቱ መካከል ሁለቱን ማንሣት ይገባል። የመጀመሪያው፣ ካህንና ተመራማሪ የነበረው ሄርማን ጉዝማን ካምፖስ ከካሚሎ ሞት በኋላ በ1967 ያሳተመው ነው። ጉዝማን ከፋልስ ቦርዳና ከኤድዋርዶ ኡማኛ ሉና ጋር በመሆን በ1962 በኮሎምቢያ ስለ ደረሰው የእርስ በርስ ግድያ የታወቀውን ጥናት ያሳተመ ሰው ስለሆነ፣ መጽሐፉ የወዳጅ ምስክርነት ነው። ሁለተኛው፣ አውስትራሊያ የተወለደውና ራሱም ካህን የነበረው ጆ ብሮደሪክ በ1975 ያወጣው የሕይወት ታሪክ ነው። ብሮደሪክ ከሞቱ ቀን አልጀመረም። ከእናትየው ቤት፣ ከዘርዐ ክህነቱ፣ ከሉቫን፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እያለ አንባቢውን ደረጃ በደረጃ ወደ ተራራው ይወስደዋል። እያንዳንዱ በር ሲዘጋ እናያለን፤ ስለዚህም የመጨረሻው ውሳኔ ከሰማይ የወረደ ጥሪ መሆኑ ቀርቶ የተከታታይ ምክንያቶች ውጤት ይሆናል።

ይሁን እንጂ በፊልምም ሆነ በመድረክ ገና የሚገባውን ቦታ ያላገኘ አንድ ነገር አለ ብለን እናምናለን። ካሚሎ በ1963 በመጀመሪያው የኮሎምቢያ ብሔራዊ የሶሲዮሎጂ ጉባኤ ላይ፣ ግድያው በገጠሩ ኅብረተሰብ ላይ ስላመጣው ለውጥ ጥናት አቅርቦ ነበር። የጥናቱ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ለዓመታት የቆየው የሁለቱ ፓርቲዎች ደም መፋሰስ ገበሬውን በመንደሩ ተወስኖ ከመኖር አወጣው፤ ከጎረቤት መንደር ጭቁኖች ጋር የጋራ ጥቅም እንዳለው አስተማረው፤ በሕጋዊ መንገድ የተዘጋበትንም የማኅበራዊ ዕድገት መሰላል በነፍጥ ከፈተለት። ካሚሎ ይህን መሰላል ጤናማ ነው አላለም። ጤናማው መንገድ ሲዘጋ ሰው በታመመው መንገድ ይሄዳል ማለቱ ነበር። ስለ ነፍጥ ይህን ያህል በቀዘቀዘ አእምሮ የጻፈ ተመራማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ነፍጥ አነሣ። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ግጭት ከየት ይገኛል? የተውኔት ጸሐፊ ሊፈልገው የሚገባው ትዕይንት ከፓቲዮ ሴሜንቶ ጫካ ይልቅ፣ በ1963 ጥናቱና በ1965 ጉዞው መካከል የነበሩት ሌሊቶች ናቸው።

ከክህነቱ ሲፈታ የሰጠው ምክንያትም በዚሁ መንፈስ መታየት አለበት። ወንድምህ የተቀየመህ እንደ ሆነ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ የሚለውን የወንጌል ትእዛዝ ነበር ያነሣው። ኅብረተሰቡ በፍትሕ ካልታረቀ ቅዳሴው ሙሉ አይሆንም ማለቱ ነው፤ ትግሉ ሲያበቃ ወደ ቅዳሴው እንደሚመለስ ተስፋ አድርጎ ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ለሚለው ሕዝብ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። እንግዲህ ካሚሎ በራሱ ዓይን ክህነቱን የጣለ ሳይሆን ያዘገየ ሰው ነበር። ይህን ስውር ነገር የመስቀልና የጠመንጃ ምስል ሊገልጸው አይችልም።

ዘፈን ያላገኘው ካህን

አሁን ከሦስቱ ስፔናውያን ካህናት ወደ ሦስተኛው እንመለስ። ማኑኤል ፔሬዝ ማርቲኔዝ በ1943 በዛራጎዛ አውራጃ አልፋሜን በተባለች መንደር ተወለደ። በ1969 የኮሎምቢያን የብሔራዊ ነፃነት ሠራዊት ተቀላቀለ። ከሁለቱ ጓደኞቹ ሂሜኔዝ በ1970 ሲሞት ላይን በ1974 በውጊያ ተገደለ፤ ፔሬዝ ግን ቀረ። ከአኖሪ ሽንፈት የተረፈውን ጥቂት ሰው ሰብስበው ሠራዊቱን እንደገና ካቋቋሙት አንዱ ሆኖ፣ በ1980ዎቹ ዋናው መሪ እስከ መሆን ደረሰ። ጠላትም ወዳጅም ቄስ ፔሬዝ እያለ ይጠራው ነበር። በእሱ የአመራር ዘመን ሠራዊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተዋጊዎች ያሉት ድርጅት ሆነ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1998 በሕመም ሞተ፤ የካሚሎ 32ኛ የሙት ዓመት ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ካህን ሆኖ የሽምቅ ተዋጊዎች መሪ የሆነው ፔሬዝ ነው። ካሚሎ በተራራው ላይ እንደ ማንኛውም አዲስ ምልምል ተራ ተዋጊ ነበርና። ይሁን እንጂ የካሚሎን ያህል ዓለምን የዞረ ዘፈን ለፔሬዝ አልተዘፈነም። ምክንያቱን መፈለግ አያስቸግርም። መሪ የሆነና ብዙ ዓመት የኖረ ሰው የሠራው ይቆጠርበታል። ሠራዊቱ በፔሬዝ ዘመን ሰዎችን እያፈነ ገንዘብ ይቀበል፣ የነዳጅ ቧንቧዎችን ያፈነዳ ነበር። በ1989 በጥቅምት ወር የአራውካው ጳጳስ ሄሱስ ኤሚሊዮ ሃራሚዮ በዚሁ ሠራዊት ታፍነው ተገደሉ። የገደላቸው የጦር ክፍል የሚጠራው በሟቹ ካህን በዶሚንጎ ላይን ስም ነበር። በካህን በሚመራ ሠራዊት፣ በካህን ስም የተሰየመ ጦር፣ ጳጳስ ገደለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2017 ኮሎምቢያን ሲጎበኙ እኚህን ጳጳስ ብፁዕ ብለው ሰይመዋቸዋል።

ፔሬዝ ከሞተ ከስምንት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1998፣ ሠራዊቱ ባፈነዳው ቧንቧ የፈሰሰው ነዳጅ ተቀጣጥሎ ማቹካ በተባለች የድሆች መንደር ከ80 በላይ ነዋሪዎችን ፈጀ። በ1999 በግንቦት ወር ደግሞ በካሊ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ የነበሩ ከ150 የሚበልጡ ምእመናን ታፍነው ተወሰዱ። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ለመታረቅ የወጣው ካህን የሞተለት ድርጅት፣ ሌሎችን ከመሠዊያው ፊት በጠመንጃ እየነዳ ወሰደ።

ብሮደሪክ በ2000 ስለ ማኑኤል ፔሬዝ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ ርዕስ የማይታየው ሽምቅ ተዋጊ የሚል ነው። ርዕሱ ብቻውን ትልቅ ሂስ ነው። የካሚሎ ምስል በየግድግዳው ሲታይ፣ ካሚሎ የጀመረውን መንገድ እስከ መጨረሻው የተጓዘው ሰው አይታይም። ሁለቱን ሰዎች የጻፈው አንድ ደራሲ መሆኑም ያጋጣሚ ነገር ሊባል አይገባውም። የመጀመሪያውን ሕይወት በቅንነት የጻፈ ሰው ሁለተኛውን ሳይጽፍ ሊያርፍ አይችልም። አንዱ ጥያቄው ነው፤ ሌላው ከመልሶቹ አንዱ።

መመዘኛው የራሱ የካሚሎ ነው

ይህን ስንል የካሚሎን ቅንነት ለማሳነስ ወይም በድርጅቱ የኋላ ሥራ ለመክሰስ አይደለም። በሞተ በሃያና በሠላሳ ዓመቱ ለተፈጸመ ነገር ሙት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሞቱን ብቻ መርጦ የሚያቀርበው ኪነ ጥበብ ነው።

ለዚህም መመዘኛውን ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም፤ ካሚሎ ራሱ ትቶልናል። በ1965 ለክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት ያስተማረው፣ ባልንጀራን መውደድ በስሜት ሳይሆን በውጤት የሚለካ መሆኑን ነው። የተራበ ካልበላ፣ የታረዘ ካልለበሰ፣ ያልተማረ ካልተማረ ፍቅሩ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ብዙኃኑን የሚያበላና የሚያለብስ ሥርዓት መፈለግ አለበት ይል ነበር። ውጤት ያለው ፍቅር ብሎ የጠራው ይህ ሐሳብ የትምህርቱ ሁሉ ማዕከል ነው። እንግዲህ ሰውዬው ራሱ በውጤት ልኩኝ እያለ፣ ዘፈኑ በሞቱ ይለካዋል። ውጤትን የጠየቀ ሰው በመሥዋዕትነቱ ብቻ ሲመሰገን፣ የሚወዱት ሰዎች ሳያውቁት ሐሳቡን ይቀብሩታል። አስከሬኑን ጦሩ ቀበረ፤ ጥያቄውን ግን የቀበሩት አድናቂዎቹ ናቸው።

ከኒካራጓ የሚገኘው ምሳሌ ሌላ መንገድ መኖሩን ያመለክታል። ስፔናዊው ካህን ጋስፓር ጋርሲያ ላቪያና በደቡብ ኒካራጓ በቶላና በሳን ሁዋን ዴል ሱር ምእመናንን ሲያገለግል ከቆየ በኋላ፣ በ1977 መጨረሻ የሳንዲኒስቶችን ግንባር ተቀላቀለ፤ አዛዥ ሆኖም ዲሴምበር 11 ቀን 1978 በውጊያ ሞተ። የሶሞሳ አገዛዝ የወደቀው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ጋስፓር ገጣሚ ስለነበረ ግጥሞቹ ከሞቱ በኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል። የግጥሞቹ ጥቅም ይህ ነው፤ አንባቢው ካህኑን የሚያገኘው ከሞተ በኋላ በሌላ ሰው ዜማ ሳይሆን፣ በሕይወት ሳለ በራሱ ቃል ነው። ጠመንጃውን ከማየቱ በፊት ገበሬውን ያያል፤ ውሳኔውን ከመስማቱ በፊት ምክንያቱን ይሰማል። በግጥሙ ቅርፅ ላይ ሐያሲው የሚለው ሊኖር ይችላል። የነገሩ ቅደም ተከተል ግን ትክክለኛ ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ የካሚሎ ቶሬስ ሕይወት ኪነ ጥበብ አላነሰውም፤ ያነሰው ሙሉ የሆነ ኪነ ጥበብ ነው። የሚያስፈልገው በ1963 ከጥናቱ ጀምሮ እስከ 1998 የሚዘልቅ፣ የሞተውንና የኖረውን ሁለት ካህናት በአንድ መድረክ የሚያገናኝ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለመምህሩም ለወጣቱም ከዘፈኑ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አጨብጭቦ የሚነሣበት መጨረሻ አይሰጠውም። የብሔራዊ ነፃነት ሠራዊት በ2025 መጀመሪያ በካታቱምቦ አካባቢ ከሌላ ታጣቂ ቡድን ጋር ባደረገው ውጊያ ከ50,000 በላይ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ከተፈናቀሉት መካከል የሚበዙት ካሚሎ ጥናት ያጠናላቸው፣ ጋዜጣ ያሳተመላቸውና የሞተላቸው ዓይነት ገበሬዎች ናቸው። ስለ እሱ የሚደረሰው ቀጣዩ ተውኔት ሊያሳየን የሚገባው፣ እነዚህ ሰዎች በተመልካችነት ተቀምጠው ሳያፍር ሊመለከታቸው የሚችል ካሚሎን ነው።